ብላ ብላ የማይባል ዓሣ

ሳሎኔ ያለው የጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ የሚኖረው አንድ ዓሣ ብቻ ነው። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ዓሣው የታለ?» ብሎ ነው። በጣቴ እየጠቆምኩ ባሳየውም አያየውም። የሚታየው ድንጋይ ላይ የበቀለ፣ እብጥብጥ ያለ ቢጫ የባህር ስፖንጅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን የስፖንጁ ዓይን ዞር ይላል። ያኔ ነው «ውይ!» የሚባለው።

ፍሮግፊሽ ይባላል። አድፍጦ አዳኝ ነው። አያሳድድም፣ አይባክንም፣ ቁጭ ብሎ ምግቡ ራሱ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ይህን ስነግራቸው «ታዲያ የማይንቀሳቀስ ዓሣ ምኑ ደስ ይላል?» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ካየኋቸው የባህር ፍጥረቶች ሁሉ እንደሱ ልቤን የያዘው የለም። ስለ አያያዙ በደንብ መጻፍ የፈለግኩትም ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም ፍሮግፊሽ በየሰው ቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ተርቦ ሳይሆን ጠግቦ ነው። የሚወዱት ሰዎች አብልተው ይገድሉታል።

መጀመሪያ ስለ ሰውነቱ ላውራ። አያያዙ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ፍሮግፊሾች ወደ 50 የሚጠጉ ዝርያዎች አሏቸው። ጥልቅ ባህር ውስጥ፣ ድቅድቅ ጨለማ ላይ፣ ግንባራቸው ላይ ብርሃን አንጠልጥለው የሚያድኑት እነዚያ አስፈሪ ጥርሳሞች ዘመዶቻቸው ናቸው። የኛዎቹ ግን ኮራልና ስፖንጅ ባለበት፣ ሞቃትና ጥልቀቱ ብዙ ባልሆነ ባህር ነው የሚኖሩት። ኢንዶኔዢያ አሉ፣ ፊሊፒንስ አሉ፣ ፍሎሪዳና ካሪቢያን አሉ፣ እዚያው ደጃችን ቀይ ባህር ውስጥም አሉ። ሌሎች ዓሣዎች ላይ የምናውቀው ዓይነት ቅርፊት የላቸውም። (ትልልቅ ሰዎች ቤት ሲመጡ «ይበላል?» ብለው ይጠይቁኛል። በዘሌዋውያን ሕግ የሚበላ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው፣ ይሄ ቅርፊት የለውም ስላቸው ነገሩ እዚያው ያበቃል።) ቆዳቸው ልል ነው፣ በጣም ጥቃቅን እሾሆች አሉት፣ ብዙዎቹ ላይ ኪንታሮት የሚመስል ነገር ይወጣል። ቀለማቸውን ከአካባቢያቸው ጋር ያመሳስላሉ፤ ባንዴ ግን አይደለም፣ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። የኔው ሲመጣ ቡናማ ነበር። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ደማቅ ቀይ ስላያችሁ ቀይ ዓሣ ገዛን አትበሉ፤ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ምን እንደሚመስል የሚወስነው የእናንተ አኳሪየም ነው።

ግንባሩ ላይ ዘንግ አለው። ይህን ነገር ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። የጀርባ ክንፉ የመጀመሪያ እሾህ ወደ ፊት መጥቶ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ሆኗል። ጫፉ ላይ ማባበያ አለች። እንደ ዝርያው ትል፣ ሽሪምፕ ወይም ትንሽ ዓሣ ትመስላለች። ሲፈልግ ዘንጉን ወደ ፊት ዘርግቶ ማባበያዋን ያወዛውዛል፣ ሳይፈልግ ወደ ኋላ አጥፎ ያስቀምጣታል። ባህር ውስጥ አንዳንዴ ሌላ ዓሣ ማባበያዋን ነክሶ ይዟት ይሄዳል። መልሶ ያበቅላታል።

ከዚያ ደግሞ አዋዋጡ አለ። በፈጣን ካሜራ ቀርጸው የለኩት ተመራማሪዎች ጥቃቱ ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል ይላሉ። አንድ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ ስድስቱ ማለት ነው። አፉን ሲከፍት የአፉ ውስጥ ስፋት እስከ 12 እጥፍ ይለጠጣል፣ ውሃው ወደ ውስጥ ይመጠጣል፣ ፊቱ ያለው ምግብም ከውሃው ጋር አብሮ ይገባል። መንከስ የለም፣ ማኘክ የለም። ከመስታወቱ ጋር አፍንጫዬን አጣብቄ እያየሁት እንኳ አፉ ሲከፈት አይቼ አላውቅም። የማየው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሽሪምፗ ነበረች፣ ሽሪምፗ የለችም። እሱ እዚያው ቦታው ላይ ነው፣ ጉሮሮው አንዴ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከከንፈሩ መሃል የሽሪምፗ አንቴና ወጥታ ትንሽ ትቆይና እሷም ትገባለች።

ደግሞ ይራመዳል። የደረት ክንፎቹ ክርን ያላቸው ክንዶች ናቸው ማለት ይቻላል። ጫፋቸው እንደ ጣት ተከፍሎ ድንጋይ ይጨብጣል። ቀኙን ያነሳል፣ ያሳርፋል፣ ይረጋል፣ ግራውን ያነሳል። ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ለመሻገር ሙሉ ከሰዓት ሊፈጅበት ይችላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ሌላ ጥግ ታገኙታላችሁ። የሚተነፍሰው ውሃ የሚወጣው ከክንዱ ኋላ ባለች ትንሽ ክብ ቀዳዳ ነው፤ ሲቸኩል ከዚያ ውሃ በኃይል እየገፋ ወደ ፊት ይስፈነጠራል። እ.ኤ.አ. በ1700ዎቹ መጀመሪያ አምቦን በምትባለው የኢንዶኔዢያ ደሴት የነበረ ሳሙኤል ፋሎርስ የሚባል ሰዓሊ፣ አንዱን አሸዋ ላይ ይዞ ሦስት ቀን ቤቱ እንዳቆየውና እንደ ትንሽ ውሻ በሄደበት ሁሉ ይከተለው እንደነበር ጽፏል። ዓሣ ከውሃ ወጥቶ ሰው አይከተልም፣ ይሄ የታወቀ ነው። ግን እነዚያ ክንዶች ድንጋይ ሲጨብጡ ያየ ሰው ታሪኩ ከየት እንደተነሳ ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ምግቡ።

እኛ ፍቅራችንን የምንገልጸው በማብላት ነው። «ብላ እንጂ!»፣ «ኧረ ምንም አልበላህም»፣ «በሞቴ ይቺን ብቻ»። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባልና ሁለተኛው ይከተላል። ይህን ልማድ ይዛችሁ ፍሮግፊሽ ፊት ከቆማችሁ ዓሣው ዕድሜ አይኖረውም።

እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታ በነበረ ጊዜ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ብዙ ትመለከተው ነበር። አንድ ቀን ዘንጉን አውጥቶ ማወዛወዝ ሲጀምር አየችው።

«ልጄ፣ ይሄ ፍጥረት እኮ ርቦታል። እየለመነህ ነው።»

«እማዬ፣ ከትናንት ወዲያ በልቷል።»

«ከትናንት ወዲያ? አንተ ከትናንት ወዲያ በበላኸው ታድራለህ?»

የሚለምን ይመስላል፣ እውነቷን ነው። ልባችሁን ይበላዋል። ነገር ግን ይህ ዓሣ የተሠራው ለማይታወቅ ነገ ነው። ባህር ውስጥ አንድ ቦታ ተቀምጦ ቀናት ያለ ምግብ ሊያልፉ ይችላሉ። ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ፣ ዕድል ካጋጠመው ትናንት በልቶም ቢሆን ዛሬ ይውጣል። የቆመ ኃይል አያወጣም፣ ስለዚህ የሚያስፈልገው ምግብ ትንሽ ነው፤ ሆዱ ግን ይለጠጣል፣ ከራሱ ርዝመት የሚበልጥ ዓሣ እንኳ አጥፎ ሊውጥ ይችላል። ባህር ውስጥ ይህ አይጎዳውም፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚደግስለት የለም። አኳሪየም ውስጥ ግን ደጋሹ እናንተ ናችሁ። የጠገበውም ዓሣ ዘንጉን ያወዛውዛል፣ የጠገበውም አፉን ይከፍታል። «በቃኝ» የሚል ፍሮግፊሽ የለም።

ከመጠን በላይ ወይም በጣም ትልቅ ነገር ሲውጥ ምግቡ ከመፈጨቱ በፊት ሆዱ ውስጥ መበስበስ ይጀምራል። ሆዱ ይነፋል፣ ዓሣው ይንሳፈፋል፣ ሚዛኑን ይስታል። አንዳንዱ ይተፋዋል፣ እሱ ዕድለኛው ነው። ብዙዎቹ ከዚያ አይመለሱም። አንድ የማውቀው ሰው ቤት ያየሁትን አልረሳም፤ እንግዶች በመጡ ቁጥር አዋዋጡን ለማሳየት አንዳንድ ዓሣ ይጥልለት ነበር፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ዓሣው ሆዱ ተወጥሮ ጥግ ላይ በጎኑ ተኝቶ ነበር መጨረሻ ላይ ያየሁት። ያ ነገር አሁንም ያመኛል።

ስለዚህ ለትልቅ ፍሮግፊሽ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ገና ለሚያድግ ትንሽ ዓሣ በየሁለት ቀኑ፣ ግን ትንሽ ትንሽ። የምትሰጡት ነገር ከዓሣው ርዝመት ሲሶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ደግሞ ሆዱን ተመልከቱ፤ ካለፈው ምግብ የተነሳ አሁንም ክብ ከሆነ ዛሬ ተራው አይደለም። ደህና የሆነ ፍሮግፊሽ ሳምንት ቢጾም ምንም አይሆንም።

ምን እንደሚበላም ከመጠኑ ያላነሰ ጉዳይ ነው። ሱቆች ለአዳኝ ዓሣ ብለው በርካሽ የሚሸጡት ጎልድፊሽ ለዚህ ዓሣ ጥሩ ምግብ አይደለም። ጎልድፊሽ ታያሚኔዝ የሚባል ነገር አለው፣ ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል፤ የባህር ዓሣ በዚያ ብቻ ሲኖር ውሎ አድሮ ይጎዳል። ቅባቱም የባህር ዓሣ ሰውነት የሚፈልገው ዓይነት አይደለም። ከዚህ ሌላ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አዲስ የመጣ ፍሮግፊሽ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሕይወት ያለው ነገር ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሕይወት ያላት ትንሽ ሽሪምፕ ወይም ቀስ በቀስ ጨው ውሃ የለመደች ሞሊ የምትባል ትንሽ ዓሣ መስጠት ያስፈልግ ይሆናል። ሞሊ ጨው ውሃ ውስጥ በደንብ መኖር ትችላለች። እሷንም በደንብ አብልታችሁ ነው የምትሰጡት፣ ምክንያቱም የሷ ሆድ ውስጥ ያለው ነው ወደሱ የሚተላለፈው።

ግቡ ግን በረዶ የነበረ፣ የሞተ ምግብ ማስለመድ ነው። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደውም ይህን ሥራ ነው። አንድ ሲልቨርሳይድ የሚባል ትንሽ ዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቁራጭ አሟሙቼ፣ በወረቀት አድርቄ፣ ረጅም፣ ውሃ ውስጥ የማይታይ የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ላይ አደርጋለሁ። የፓምፑን ኃይል እቀንሳለሁ። ዘንጉን በቀጥታ ወደሱ አላመጣም፣ ከጎን አስገብቼ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ ነው የምጀምረው። ትንሽ ማንቀጥቀጥ፣ ማቆም። እንደገና ትንሽ ማንቀጥቀጥ፣ ማቆም። ሁልጊዜ የሚንቀሳቀስ ነገር አያምነውም። ቆም ሲል ነው ዓይኑ የሚከተለው። ከዚያ ክንዶቹ ድንጋዩን ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ፣ ሰውነቱ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። ይሄኔ እጄን ማንቀሳቀስ አቆማለሁ፤ ቁራጩ በራሱ በውሃው ብቻ ይወዛወዛል። አንዳንዴ ያለፈ ነገር ይመስላል፣ ተስፋ ልቆርጥ ስል ዘንጉ ጫፍ ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ካልፈለገ ደግሞ አልፈለገም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ አወጣዋለሁ፣ ውሃው ውስጥ ተረስቶ እንዲበሰብስ አልተውም። ከነገ ወዲያ እንሞክራለን። በፍጹም ከንፈሩን አትንኩት፣ አፉ ውስጥ ለመክተት አትሞክሩ። እሱ ራሱ ማደን አለበት።

ሰው ብዙ የሚጨነቀው ስለ ዓሣው ነው፣ ውሃውን ይረሳል። ውሃው ግን መቅደም አለበት። ትንንሾቹ ዝርያዎች ብዙ ስለማይንቀሳቀሱ ግዙፍ ታንክ አይፈልጉም፣ ወደ 110 ሊትር፣ በጋሎን 30 ገደማ፣ ይበቃቸዋል። ነገር ግን ሥጋ የሚበላ ዓሣ የሚያወጣው ቆሻሻም የዚያኑ ያህል ነው፤ አንድ ምግብ ከተፈጨ በኋላ ውሃው ውስጥ የሚገባው አሞኒያ ቀላል አይደለም። ታንኩን ሞልታችሁ፣ ላይቭ ሮክ የሚባለውን ባክቴሪያ የያዘ ድንጋይ አስገብታችሁ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያለ ዓሣ መጠበቅ አለባችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንደኛው ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት መቀየር ይለምዳል። መለኪያው ላይ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አይገባም። ሱቁ ውስጥ ያለው ሻጭ ምንም ቢላችሁ።

ጨው ሲባል የወጥ ቤት ጨው አይደለም። ለባህር አኳሪየም ተብሎ የሚሸጠው ውስጥ ካልሲየምም ማግኒዚየምም ሌላም ብዙ ነገር አለበት። በሊትር ወደ 35 ግራም ነው፣ ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨው መለኪያ ላይ 1.025 አካባቢ መሆኑን እያያችሁ ታስተካክላላችሁ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን ስላለበት ተጣርቶ የወጣ ውሃ ተጠቀሙ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ። በየሳምንቱ አሥር፣ አሥራ አምስት በመቶውን መቀየር። ቆሻሻውን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመር የሚባል መሣሪያ ግዴታ ባይባልም ለዚህ ዓሣ ገንዘቡ ያዋጣል።

ሁለት ነገር ደግሞ ከሌላ ዓሣ ለየት ይላል። ፍሮግፊሽ የሚቀመጥበትን አይመርጥም፣ ማሞቂያው ላይም ሊቀመጥ ይችላል፣ ቅርፊት የለውምና ይቃጠላል። ማሞቂያውን በመከላከያ ሸፍኑት ወይም ከታንኩ ውጭ ባለው የማጣሪያ ክፍል ውስጥ አድርጉት። የፓምፖች መምጠጫም እንደዚሁ ስፖንጅ ይልበስ። ደካማ ዋናተኛ ስለሆነ ጠንካራ ፍሰት ይዞት ይሄዳል።

ብቻውን ይኑር። ይህን ስል የሚከራከሩኝ አሉ፣ «ትልቅ ዓሣ ከሆነ አይበላውም» ይላሉ። የሚበላው ከምትገምቱት በላይ ትልቅ ነው። ክላውንፊሽ ይበላል፣ ማጽጃ ሽሪምፕ ይበላል። የማይበላው ዓሣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ቢራቢሮ ዓሣና ኤንጀልፊሽ የመሳሰሉት ሲያዩት ስፖንጅ ወይም ሌላ የሚቀማመስ ነገር መስሏቸው ቆዳውን ይነቁሩታል፣ እሱ ደግሞ ሮጦ አያመልጥም። ሌላ ፍሮግፊሽ ጓደኛ ላምጣለት ብላችሁም አታስቡ። ከሁለቱ አንዱ ሌላኛውን ይውጣል፣ እኩል ቢሆኑም ይሞክራል፣ አንዳንዴ ሁለቱም ይሞታሉ። ቀንድ አውጣዎችና ትንንሽ ሸርጣኖች ብዙ ጊዜ ችግር የለባቸውም። ኮራሎችም አይበሉትም፣ አይበላቸውም፣ አበባ የሚመስሉት ተናዳፊ አኔሞኖች ብቻ ይቅሩ።

ድንጋይ ዓሣ ከሚባለው ጋር የሚያምታቱት ሰዎችም አጋጥመውኛል። እሱም አድፍጦ አዳኝ ነው፣ እሱም ቀይ ባህር ውስጥ አለ፣ እሱም ድንጋይ ይመስላል። ግን የጀርባው እሾሆች ሰው ሊገድል የሚችል መርዝ አላቸው፣ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። ፍሮግፊሽ መርዘኛ እሾህ የለውም። ላየንፊሽ የሚባለው ሌላው መርዛማ እሾህ ያለው ዓሣ በመሃል ነው፤ መርዙ ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ አይገድልም፣ ሕመሙ ግን ከባድ ነው። ታንኩ ውስጥ እጃችሁን እያስገባችሁ የምታጸዱ እናንተ ስለሆናችሁ ይህን አስቡበት።

ከቦታ ቦታ ስታዛውሩት በመረብ አታውጡት። ይህ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። ከውሃ ሲወጣ አፉን ከፍቶ አየር ይውጣል፣ አየሩ ሆዱ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ተመልሶ ተገልብጦ ይንሳፈፋል። ማሰሮ የሚያህል ንጹህ የፕላስቲክ ዕቃ ውሃው ውስጥ አስገብታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ እየገፋችሁ አስገቡት፣ ከነውሃው አውጡት። ሱቅ ውስጥም ሻጩ መረብ ይዞ ሲመጣ አስቁሙት፣ አትፈሩ፣ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

ሱቅ ካነሳሁ አይቀር፣ ዓሣውን መግዛቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለገበያ የሚቀርቡት ፍሮግፊሾች ከባህር የተያዙ ናቸው ማለት ይቻላል፣ ብዙዎቹ የሚመጡት ከኢንዶኔዢያና ከፊሊፒንስ ነው። በፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በኋላም በኢንዶኔዢያ፣ አንዳንድ አጥማጆች ሳያናይድ የሚባል መርዝ ኮራሉ ላይ እየረጩ ዓሣ አደንዝዘው ይይዛሉ። ሕገ ወጥ ነው፣ ሆኖም አልጠፋም። ኮራሉን ይገድላል፣ የተያዘውም ዓሣ ደህና መስሎ መጥቶ ከሳምንታት በኋላ ያለ ምክንያት የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ከየት መጣ፣ ማን ያዘው፣ ሱቁ ውስጥ ስንት ጊዜ ቆየ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሱቅ ከሆነ ትታችሁ ውጡ። እኔ የባህር እንስሳ ቤቴ አምጥቼ ለመደሰት የሚከፈለው ዋጋ ሌላ ባህር ውስጥ ያለ የኮራል ክምር (ሪፍ) መሆን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

«ሲበላ አሳዩኝ» በሉ። የማይበላ ዓሣ «ቤት ሲገባ ይለምዳል» ተብሎ አይገዛም። ሆዱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ተርቧል፣ በጣም የተነፋ ከሆነ ሱቁ ሊያሳምረው ብሎ አብልቶታል። ሁለቱንም እለፉ። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰውንም እለፉ። አፉን በሰፊው ከፍቶ ሲያዛጋ ካያችሁት ግን አትደንግጡ፣ ፍሮግፊሽ ያዛጋል፣ በተለይ ቦታ ሊቀይር ሲል ወይም ሰው ሲቀርበው። ማዛጋቱ ሲበዛና ትንፋሹም ሲፈጥን ነው ውሃውን መለካት የሚያስፈልገው።

ዝርያውንም እወቁ። ሱቅ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል ሆና ያያችኋት ትንሽዬ ዓሣ ኮመርሰን የሚባለው ግዙፉ ዝርያ ከሆነች ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ታድጋለች፣ ያኔ 110 ሊትር አይበቃትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ሰው ማኩላተስ የሚባለውን፣ ባለ ኪንታሮቱን፣ ቢፈልግ ይሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው፣ አምቦን ውስጥ የተገኘው፣ ፊቱ ላይ ነጭና ቡናማ መስመሮች የሚሽከረከሩበት ሳይኬዴሊካ የሚባለው ዝርያ አለ። ማባበያ እንኳ የለውም፣ ባህሩ ወለል ላይ እንደ ኳስ እየነጠረ ነው የሚሄደው። እሱን ባህሩ ውስጥ ተዉት፣ ፎቶውን ማየት ይበቃል።

አዲሱን ዓሣ መጀመሪያ ለየብቻ በሆነ ታንክ ውስጥ ለጥቂት ሳምንት አቆዩት። ነጭ ነጥብ የሚያወጣው የባህር ጥገኛ ተውሳክ ከመጣ፣ ሌሎች ዓሣዎች የሚታከሙበት መዳብ ያለበት መድኃኒት ለፍሮግፊሽ ሊከብደው ይችላል። መጠኑን በጥንቃቄ ሳትለኩ አትጠቀሙ፣ የውሃ እንስሳ ሐኪም ካገኛችሁ አማክሩ።

ሴት ከሆነች አንድ ቀን ጠዋት ታንኩ ውስጥ እንደ ቀጭን የሻሽ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ግልጽ፣ ጄል የመሰለ ነገር ተንሳፍፎ ልታገኙ ትችላላችሁ። እንቁላል ነው፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር። ወንድ ስለሌለ አይፈለፈልም። እጅግ ያምራል፣ ግን ቶሎ አውጡት፣ ከተበላሸ ውሃውን ያበላሸዋል። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀን ባትበላ የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ አገር ቤት ስንሄድ። ለፋሲካም ለሠርግም ሁለት ሦስት ሳምንት መሄድ አለ፣ ዓሣውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። እኔ የምተወው ለጓደኛዬ ሚስት ነው፣ እጅግ ደግ ሰው ናት፣ ችግሩም እሱ ነው። ታንኩ ላይ ወረቀት ለጥፌላት እሄዳለሁ። ውሃው ከመስመሩ ዝቅ ሲል የሚጨመረው ጨው የሌለበት ውሃ ነው፣ ምክንያቱም የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው እዚያው ይቀራል። ሙቀቱን በቀን አንዴ ማየት። ምግቡ ፍሪዘር ውስጥ በትንንሽ ከረጢት ተቆጥሮ ቀን ተጽፎበታል፣ በሳምንት አንድ ከረጢት። ከታች ደግሞ በትልቁ፦ «ዘንጉን ቢያወዛውዝብሽም አትስጪው።»